ወደ ሳነቴ የሚወጣ ሰው ምን ይዞ ይውጣ፣ ምን ትቶ ይውጣ?

ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ያሰቡ ወዳጆቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ቀይ ቀበሮ በእርግጥ ይታያል ወይ?» እና «መኪና እስከ ላይ ይወጣል ወይ?» ለሁለቱም መልሴ አዎን ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግሉ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ረጅም ርቀት የሚጓዝ ሲሆን፣ ቅርንጫፉ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ይደርሳል። ቀይ ቀበሮም እንደ ነብር በሌሊት የሚሹለከለክ ሳይሆን፣ ፍልፈልና አይጥ ለማደን በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚንጎራደድ እንስሳ በመሆኑ፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳና ዐይኑን ለሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ አይሰወርም።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ቅለት ነው። በእግር ብቻ የሚደረስበትን ተራራ ድካሙ ራሱ ዘበኛ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሚወጣው ሰው ጥቂት ይሆናል፣ ሸክሙን መርጦ ይይዛል፣ ከላይ ሲደርስም ጉልበቱ ስለዛለ ቁጭ ብሎ ማየትን ይመርጣል። ጎባ ላይ ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው ግን ረፋዱ ላይ ከነጂፓሱ (ከነሙዚቃ ማጫወቻው)፣ ከነሃይላንዱና ከነፌስታሉ አራት ሺህ ሜትር ላይ ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ ቀድሞ ርቀትና ብርድ ይሠሩት የነበረውን የጥበቃ ሥራ ዛሬ ጎብኚው በገዛ ፈቃዱ ሊሠራው ግድ ይላል።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ፣ ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በምዝገባው ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን መዝገብ ለእንስሳ አጥር አይሆነውም። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከአምስት መቶ እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። ከበታቻቸው ያለው ቆላና ወይና ደጋ ለእነርሱ አገር አይደለም፤ የሚበሉት ፍልፈልና አይጥ በብዛት ያለው ከፍ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አምባው ሲጎዳ የሚሸሹበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

በመጀመሪያ የማነሣው ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረውን የውሻን ጉዳይ ነው። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ከብታቸውን ከአውሬ ለመጠበቅ ውሻ ያሳድጋሉ፤ ከእነዚህ ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሾች በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎች ይተላለፋል። ቀበሮዎቹ ለአደን ለየብቻ ቢሰማሩም የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፤ ማለዳና ማታ ሲገናኙ ስለሚተሻሹና ስለሚላላሱ አንዱ ከታመመ ሌሎቹ የመትረፍ ዕድላቸው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ አመናምኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ዳግመኛ ሲነሣ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ጨርሷል፤ ከዚያም ወዲህ ሁለቱም በሽታዎች ተመላልሰዋል። በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በምግብ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው መሰጠት ተጀምሯል።

ጎብኚውን ይህ እንዴት ይመለከተዋል የሚል ካለ፣ በሁለት መንገድ ይመለከተዋል እላለሁ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ የቤት ውሻውን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው፣ ውሻው የተከተበም ቢሆን፣ ወደ ፓርኩ ይዞት መግባት የለበትም። ሁለተኛው ግን ረቀቅ ያለ ነው። ምሳውን ሳነቴ ላይ በልቶ አጥንቱንና የእንጀራ ፍርፋሪውን «የዱር እንስሳ ይበላዋል» በማለት ጥሎ የሚሄድ ሰው በጎ ያደረገ ይመስለዋል። የምግብ ትርፍራፊ መገኘቱን የለመደ የመንደር ውሻ ግን ከታች ተነሥቶ እስከዚያ ይወጣል፤ ቀበሮውም ወደዚያው ይመጣል፤ ሊገናኙ የማይገባቸው ሁለት እንስሳት በአንድ አጥንት ላይ ይገናኛሉ። በእኔ ግምት አንድ ተራ ጎብኚ በአምባው ላይ ሊያደርስ ከሚችለው ጉዳት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ማንም ሲያደርገው ግን ክፉ ሥራ የሠራ አይመስለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አነዳድ ነው። የሳነቴ መንገድ ከጎባ ሽቅብ እስኪወጣ ድረስ ጠመዝማዛ ነው፤ አምባው ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚዘረጋ ሾፌሩን ለፍጥነት ይጋብዘዋል። በዚህ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱና የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ቀበሮዎች አሉ። ጉም በድንገት ስለሚወርድም አሥር ሜትር ፊት ለፊት ማየት የማይቻልበት ጊዜ ያጋጥማል። መኪና የተከራየ ሰው ሾፌሩን «ቀስ በልልኝ» ለማለት ማፈር የለበትም፤ የመጣው ለማየት እንጂ ለመድረስ አይደለምና። ከመንገዱ ወጥቶ ሜዳውን በጎማ ማቋረጥ ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው። ከላይ ሲታይ ባዶ የሚመስለው መሬት ከሥሩ በፍልፈል ጉድጓድ የተቦረቦረ ነው፤ ብርዱ እድገቱን ስለሚያዘገየውም በአንድ ጎማ የተጨፈለቀ ሣር እንደ ቆላ ሣር በአንድ ክረምት አያገግምም።

ቀይ ቀበሮ የባሌን ግዙፍ ፍልፈል ሲያድን ያየ ሰው ዝም ብሎ መቆም ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ አስረጂ አይፈልግም። በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ይህ ፍልፈል አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከመሬት በታች ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከጉድጓዱ ብቅ ይልና በዙሪያው ያለውን ሣርና ቅጠል በአፉ ሰብስቦ ተመልሶ ይገባል። ቀበሮው ይህን ያውቃል፤ በሆዱ እየተሳበ ይጠጋል፣ ጆሮውን ቀስሮ ይደፋል፣ አንዳንዴም ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። በዚህ መሀል የመኪና በር ተከፍቶ ቢዘጋ ወይም ሰዎች እየተጠራሩ ቢወርዱ ፍልፈሉ ይገባል፣ የቀበሮውም ድካም ከንቱ ይቀራል። ስንት ሜትር ርቄ ልቁም ለሚለኝ ሰው የምነግረው መለኪያ ቀላል ነው፤ እንስሳው የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ እርስዎ ማየት ከጀመረ ከልክ በላይ ቀርበዋል ማለት ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ ሞተር አጥፍቶ መመልከት በእግር ከመከተል ይሻላል፤ ምግብ እያሳዩ መጥራት ደግሞ ነውር ነው።

ወቅቱንም ማሰብ ይገባል። ብዙዎቻችን ወደ ባሌ የምንሄደው ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱም ይደርቃል። ቀይ ቀበሮም በዓመት አንድ ጊዜ የሚወልደው በዚሁ ሰሞን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ ዋነኛይቱ እናት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ ምግብ በማምጣትና በመጠበቅ ያግዟታል። ሰው በጉድጓዱ ዙሪያ ከተመላለሰ ግልገሎቹን ወደ ሌላ ጉድጓድ ልታዘዋውራቸው ትችላለች፤ በበረዷማ ሌሊት የሚደረግ ዝውውር ደግሞ ቀላል አይደለም። አስጎብኚ ግልገል ያለበትን ቦታ ቢያውቅም እንዲያሳያችሁ አትወትውቱት፤ «ተጨማሪ እንከፍላለን» ማለትም ሰውየውን በእንጀራውና በኅሊናው መካከል ማቆም ነው።

ስለ ጂፓስ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በቡድን የሚደረግ የተራራ ጉዞ በከተሞቻችን እየተለመደ መምጣቱ ከልብ ያስደስተኛል፤ አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ወጣት መብዛቱ መልካም ነው። ሆኖም አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ወጥቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ባነር ዘርግቶ፣ በጅብራ ላይ ተንጠላጥሎ ፎቶ መነሣት ሌላ ነገር ነው። ጅብራ ለዓመታት ሲያድግ ኖሮ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ የተሰበረ ጅብራ ዘሩን ሳይተካ ይቀራል። ድሮንም ያለ ፈቃድ ማብረር በሕግ የተከለከለ ከመሆኑ በላይ፣ በሐይቆቹ ዳር የሚያርፉትን ክንፈ ሰማያዊ ዝይዎችና ሌሎች ወፎች ያስደነብራል። ለጭፈራ ሮቤና ጎባ ሰፊ ናቸው።

ቆሻሻን በተመለከተ «ያመጣኸውን ይዘህ ተመለስ» የሚለው ደንብ በቂ ይመስለኛል፤ ነገር ግን አሠራሩን አስቀድሞ ካላሰቡበት ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሃይላንድ በካርቶን ጭኖ ከመውጣት ይልቅ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ውኃ ሞልቶ ለየራስ በሚያዝ ኮዳ እየቀዱ መጠጣት ይቻላል። ብስኩትና ከረሜላን ከነመጠቅለያው ከመያዝ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝ የተሻለ ነው፤ ለብርዱም ይስማማል። የጫት ገራባም ቆሻሻ ነው፤ «ቅጠል ነው፣ ይበሰብሳል» የሚባለው በዚያ ብርድ እውነት አይደለም። ሶፍት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ዐይን የሚያስቀይም ነገር ነው፤ በየድንጋዩ ሥር ነጭ ሆኖ ይታያል። መጸዳጃ በሌለበት ከጅረትና ከሐይቅ ርቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፣ ሶፍቱንም በፌስታል አስሮ ይዞ መመለስ የግድ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማልና ሌሎች ወንዞች ወደ ገናሌና ወደ ዋቤ ሸበሌ ተፋሰስ የሚፈሱ ናቸው፤ እስከ ሶማሊያና ኬንያ ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከዚህ ውኃ ጋር የተሳሰረ እንደሆነ ይገመታል። በምንጩ ላይ ሳሙና የሚደፋ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ አያውቀውም።

እግረ መንገዴን የምጠቅሰው አንድ ነገር አለ። በእነዚሁ ተራሮች ውስጥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ፍንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት እንደነበር አሳይተዋል፤ ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ከዚያ በላይ ካለው ተራራም ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው አመዱ፣ አጥንቱና የባልጩቱ ስብርባሪ ሳይነካ በመቆየቱ ነው። እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ እሳት የሚያነድ፣ በግድግዳው ላይ ስሙን የሚጽፍ ወይም የሚያምር ድንጋይ አግኝቶ ኪሱ የሚከት ሰው የሚያጠፋው ነገር በገንዘብ አይተመንም።

እሳት ከተነሣ ዘንድ፣ በበጋ ወራት የአስታውን ጫካ የሚያህል በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር የለም። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዘይትነት ስላለው እርጥብ ሳለ እንኳ ይነዳል። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በአካባቢው ደኖች የተነሣውን ቃጠሎ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ለሳምንታት ሲነድ ከርሞ የውጭ አገር ባለሙያዎች ጭምር ለእርዳታ የመጡበት ነበር። እርግጥ ነው፣ ለቃጠሎው ሁሉ ጎብኚን ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይደለም፤ ለከብት አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ የሚለኮስ እሳት የቆየ ልማድ ነው፣ ከማር ቆረጣ የሚነሣም አለ። ይህ ግን ከከተማ የመጣውን ሰው ነጻ አያወጣውም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ እሳት ዳር መቀመጥ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ለማብሰል የጋዝ ምድጃ፣ ለሙቀት ደግሞ ወፍራም ልብስና ደህና የመኝታ ከረጢት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። እሳት የሚፈቀድባቸው ካምፖች ካሉም ስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቆ፣ እንጨቱን ከውጭ ገዝቶ መሆን አለበት፤ የደረቀ አስታና ጽድ መልቀም የወፍና የነፍሳት መኖሪያ ማፍረስ ነው።

የከፍታ ሕመም ለራስ ጤና ብቻ የሚታሰብ አይምሰላችሁ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ በመኪና ተነሥቶ በአጭር ጊዜ 4,000 ሜትር መድረስ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊያመጣ ይችላል። ዲንሾ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ሰውነትን ማለማመድ ይጠቅማል፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ታማሚን ለማውረድ በጉም ውስጥ የሚሮጥ መኪና ለእንስሳቱም ለሰውም አደጋ ነው። ድንኳን ይዞ ላይ ለማደር ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ዝግጅት በእጥፍ ያስብበት።

ዲንሾ ማደር ሌላም ጥቅም አለው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ በዙሪያው ባለው የኮሶና የጽድ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ በቅርብ ይታያሉ። የደጋ አጋዘንም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ አብዛኛው የሚኖረውም በእነዚሁ ተራሮች ነው። እንስሳቱ ሰውን ከመልመዳቸው የተነሣ እስከ ጥቂት ሜትር ያስጠጋሉ፤ ይህ ግን እንዲዳሰሱ ፈቃድ አይደለም። የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ ከአካባቢው የተደራጁ አስጎብኚዎችንና ባለ ፈረሶችን መቅጠር፣ ወጪን አስቀድሞ ተነጋግሮ በዕለቱ መክፈል፣ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊትም ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደውላችሁ ጠይቁ። አስጎብኚን «መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሎ ማስቀረት ቁጠባ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በተራራው ላይ የሚኖር ሰው ከቀበሮው መኖር ምንም ካላገኘ፣ ከብቱ የሚግጥበትን ሣር ለቀበሮው እንዲተው በምን አፍ ይጠየቃል?

ስለዚህም እረኞችን በፓርኩ ውስጥ ባየ ቁጥር «እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» እያለ የሚያጉረመርም ጎብኚ ያናድደኛል። የከብቱ ቁጥር መብዛቱ፣ የሰፈራውና የእርሻው መስፋፋት የፓርኩ ትልቁ ራስ ምታት መሆኑ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ለሁለት ቀን ከመጣ ሰው ግልምጫ አይገኝም። ከብትን በየወቅቱ ወደ ከፍተኛው ግጦሽና ወደ ሆራው (ማዕድን ወዳለበት ውኃ) ማውጣትና ማውረድ ከፓርኩ በፊት የነበረ ኑሮ ነው። «አካም ጅርቱ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ፣ እምቢ ካሉም ካሜራን ማውረድ ተገቢ ነው። በመንገድ ዳር የሚሮጡ ሕፃናት ላይ ከመስኮት ከረሜላና ብር መወርወር ግን ልጆቹን ወደ ጎማ ከመሳብና ከትምህርት ቤት ከማስቀረት ሌላ ፋይዳ የለውም። መርዳት የፈለገ ሰው የሚሸጡትን ይግዛ፣ ወይም ደብተርና እስክሪብቶውን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ያስረክብ።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በአንድ ቁልቁለት ከብርዱ ሜዳ ወደ አስታው፣ ከአስታው ወደ ቀርከሃውና ወደ ሐረና ደን ይገባሉ። የባሌ ጦጣ በቀርከሃው ውስጥ፣ ጉሬዛ በዛፎቹ ላይ፣ አንበሳም በደኑ ውስጥ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ቡና በገዛ እጁ በጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል። ሪራ ላይና በደኑ ዳር ባሉ መንደሮች የጫካ ማርና የደን ቡና መግዛት ገንዘብን በትክክለኛው እጅ ላይ ማኖር ነው፤ ደኑ ቆሞ ሲገኝ ብቻ የሚገኝ ገቢ ነውና። ማር የሚገዛ ሰው የራሱን ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል፤ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ባገለገለ ሃይላንድ ተሞልቶ ስለሆነ። ለመግዛትም፣ ቡና ለመጠጣትም፣ ከሰዎቹ ጋር ለመጨዋወትም በቂ ጊዜ ይኑራችሁ፤ ነገር ግን ደሎ መና ለማደር ያሰባችሁ ከሪራ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳያልፍ ተነሡ። ደኑ ውስጥ ቶሎ ይጨልማል፤ ማታ መንገዱን የሚያቋርጡት እንስሳት ደግሞ ከሾፌሩ በፊት የመኪናውን መብራት አይተው የሚደነግጡ ናቸው።